ሊወገድ የነበረው ፕሪንተር፦ ከአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ሰሞን

የተጠራሁት ለጥገና አልነበረም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሌዘር ፕሪንተሩን ከንብረት መዝገብ አውጥቶ አዲስ ሊገዛ ወስኖ ነበር። ፕሮፎርማ ተሰብስቧል። የጎደለው «ዕቃው ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል» የሚል የባለሙያ ፊርማ ብቻ ነው። የተፈለግሁት ለዚያ ፊርማ ነው።

ጊዜው ሰኔ ነው። ዝናቡ ጀምሯል፤ የሁለተኛው ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተናም ደርሷል። ትምህርት ቤቱ የማባዣ ማሽን የለውም። ፈተናውን ውጭ ፎቶ ኮፒ ቤት መላክ ደግሞ አይታሰብም፤ ሾልኮ ቢወጣ ማን ይጠየቃል? ስለዚህ የሁሉም ክፍል ፈተና የሚታተመው በዚያው በአንዱ ፕሪንተር ነው። ጸሐፊዋ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ቀኑን ሙሉ ሲያትሙ ይውላሉ።

ማሽኑ በየቢሮው የምናውቀው ዓይነት ነው። ጥቁርና ነጭ ያትማል። ከሥሩ የሚሳብ፣ 250 ወረቀት የሚይዝ ትሪ አለው። ወረቀት በራሱ አገላብጦ በሁለት ገጽ አያትምም። በዕድሜ ገና ነው፤ ለመወገድ የሚያበቃ ነገር አልታየኝም።

ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ የወሰንኩት እዚያ ያየሁትን በሌሎች ቢሮዎችም ስለማየው ነው። ፕሪንተር እምቢ ሲል ሰው ኬብል ነቅሎ ይሰካል። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያደርጋል። ቶነር፣ ማለትም የቀለም ዱቄቱን መያዣ፣ አውጥቶ ይነቀንቃል። ትሪው ውስጥ የተኛውን ወረቀት የሚጠረጥር ግን እምብዛም የለም። ወረቀት ማስገባት ራሱን የቻለ ሙያ ነው ብዬ አምናለሁ። ለጸሐፊ ታይፕ ይሰለጠናል፣ ወርድና ኤክሴል ይሰለጠናል። የወረቀት አገባብ ሲሆን ግን ሁሉም እንደ ምንም በራሱ እንዲደርስበት ይተዋል።

ቅሬታው

«እትዬ፣ ምን ምን አስቸገረዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ያላስቸገረኝ አለ ልጄ!» አሉና በጣታቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር። ወረቀት መሃል ላይ ይይዛል። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ወረቀት አንድ ላይ ይስባል። ትሪው ሞልቶ «ወረቀት የለም» ይላል። ጽሑፉ አንዳንድ ቦታ ይደበዝዛል፤ ለዚህ ተብሎ አዲስ ቶነር ተገዝቶለት ምንም አልተሻሻለም። ከሰሞኑ ደግሞ የባሰው መጣ፤ ውስጡ ምንም ወረቀት ሳይኖር «ጃም» (ወረቀት ተይዟል) ብሎ ተገትሮ ቀረ። ቢያጠፉት ቢያበሩት ያው ነው። ሞተ የተባለው በዚህ ነው።

ይህ የመጨረሻው ችግር እንዴት እንደጀመረ ስጠይቃቸው ነገሩ ጠራልኝ። እያተሙ ሳለ መብራት ሄደ። ግማሽ ወረቀት ማሽኑ ውስጥ ቀረ። መብራቱ እስኪመጣ ከሚቸገሩ ብሎ አንድ መምህር ሊያግዛቸው ትሪውን አወጣና ወረቀቱን ከፊት ለፊት ይዞ ሳበው። ወረቀቱ ወጣ። ማሽኑ ግን ከዚያ ወዲያ አልሠራም።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ፕሪንተር ወረቀቱን አያየውም። ጊዜ ነው የሚቆጥረው። ወረቀቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ እዚህም እዚያም ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች አሉ። ወረቀት ሲደርስ ምላሱን ይገፋዋል፤ አልፎ ሲሄድ ምላሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ምላሱ በተመደበለት ጊዜ ካልተገፋ ማሽኑ ወረቀቱ አልደረሰም ብሎ ይቆማል። ተገፍቶ በጊዜው ካልተመለሰም ወረቀቱ አልወጣም ብሎ ይቆማል። ለሁለቱም የሚጽፈው ጃም ብሎ ነው። እንግዲህ ወረቀት ሳይኖር ጃም የሚል ማሽን ሲገጥም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ምላሱን የያዘ ነገር ነው።

የኋላውን በር ከፈትኩ። ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ፊውዘር የተባለው ክፍል እዚያ ነው። ሲሠራ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚደርስ እጅ ከማስገባት በፊት እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው፤ በዚህ ቀን ግን ሳይሠራ የከረመ ስለሆነ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ። በስልኬ መብራት አየሁት። ወረቀቱን እየዞረ ከሚያሳልፈው ሮለር ጀርባ፣ ቀኝ ጥጉ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ወረቀት ተሸጉጣለች። ሁለቱ ጠርዞቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ሦስተኛው የተቀደደ። በተቀደደው በኩል የአንድ ፊደል ግማሽ ይታያል። ጥቁሩን የፕላስቲክ ምላስ ወደ ታች ተጭናዋለች።

በወረንጦ ሳብ አድርጌ አወጣኋት። ምላሱ ቀጭ ብሎ ተመለሰ። ማሽኑን ሳበራው ሞተሩ ዞረ፣ አረንጓዴው መብራት በራ።

ይህ እንዳይደገም ለጸሐፊዋ ያሳየኋቸው ነገር ቀላል ነው። የተያዘ ወረቀት ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ፣ በሁለት እጅ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚወጣው። ጫፉ ፊውዘሩ ጋ ከደረሰ ከኋላ በር፤ ገና ከትሪው እየወጣ ከሆነ በትሪው በኩል። ብዙ ማሽን ላይ ሮለሩን የሚያላሉ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማንሻዎች አሉ፤ እነሱን ማንሳት ነው። ወረቀቱ ከተቀደደ ደግሞ መጣል የለም። ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሞ አራቱ ማዕዘን መሙላቱን ማየት ነው። የጎደለ ጥግ ካለ እሱ ማሽኑ ውስጥ ነው ያለው። መምህሩ ያወጣው ወረቀት በሰዓቱ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋ ኖሮ አንድ ጥጉ እንደሌለ ወዲያው ይታይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ማሽኑ ደህና ነው ብዬ መሄድ እችል ነበር። ግን ቁራጯ የሰሞኑን ችግር ብቻ ነው የምታስረዳው። ሌሎቹ አራቱ ቅሬታዎች ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው። በነገው ዕለት ተመልሰው ይመጣሉ።

ወረቀቱ የተኛበት

ወረቀቱ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኩ። ንብረት ክፍል ወሰዱኝ። ምድር ቤት ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ግድግዳው በክረምት የሚያልበው ክፍል ነው። ወረቀቱ ሲሚንቶው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። ንብረት ክፍሉ የሚያስረክበው በደስጣ ነው። ጸሐፊዋ ደግሞ ፈተና ሲደርስ ጊዜ እንዳይባክንባቸው ብዙ ደስጣ አስቀድመው ይፈቱና መጠቅለያውን ይጥላሉ። ራቁቱን የወጣው ወረቀት ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ ለቀናት ይቆያል።

ደስጣው የሚጠቀለልበት ዝም ብሎ መጠቅለያ አይደለም። እርጥበት እንዳያሳልፍ ተብሎ የተለበጠ ነው። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ፋብሪካው ልክ አድርጎ አድርቆት የላከውን ወረቀት እኛ በክረምት አየር ላይ ዘርግተን እናረጥበዋለን። መጀመሪያ የሚጠጣው ደግሞ ጠርዙ ነው። ጠርዙ ሲለጠጥ መሃሉ ባለበት ይቀራል፤ ወረቀቱ ዳር ዳሩን ይሞገዳል። ከመሬት ካነሳሁት ላይ አንዱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። አልተኛም። ዳርና ዳሩ ላይ እርሳስ የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው።

እንዲህ ያለ ወረቀት ሁለት ጣጣ ያመጣል። አንደኛው ፊውዘሩ ጋ ነው። ሙቀቱ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው ውሃ በአንዴ ይተናል፤ ወረቀቱ ይጠቀለላል፤ መውጫው ላይ ይሰነቀራል። ሁለተኛው የጽሑፉ መደብዘዝ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ቶነር ያስገዛው ይሄ ነው። ይህ የኅትመት ዘዴ ከመነሻው የደረቅ ነገር ሥራ ነው። ቼስተር ካርልሰን በ1938 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ የመጀመሪያውን ቅጂ ሲያወጣ የተጠቀመው ፈሳሽ ቀለም ሳይሆን በኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚሳብ ዱቄት ነበር። የዛሬው ሌዘር ፕሪንተርም ዱቄቱን ድራም ከሚባለው፣ የገጹ ምስል ከሚሳልበት ተሽከርካሪ ሲሊንደር፣ ወደ ወረቀቱ የሚያሻግረው በቻርጅ ነው። እርጥብ ወረቀት ቻርጁን ስለሚያሳልፈው ዱቄቱን አጥብቆ አይስበውም። ጽሑፉ አንድ ቦታ ደምቆ ሌላ ቦታ ይገረጣል። አዲሱ ቶነር ምንም አልበደለም፤ አሮጌውም ገና ያትም የነበረ ሊሆን ይችላል።

ይህን በቃል ብቻ ብናገር ማንም አያምነኝም ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ቁምሳጥን ላይ፣ ያልተፈታ ደስጣ ነበር። ያንን አመጣን። ያው ማሽን፣ ያው ቶነር፣ ያው ፋይል፤ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። ጥርት ብሎ፣ ተስተካክሎ ወጣ። ወዲያው የመሬቱን ወረቀት መልሼ አስገባሁ። ገና ብዙም ሳይሄድ ዳሩ ተጣጥፎ ወጣ፤ ቀጥሎ ያዘ። ምክትሉ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩ። ስለ ፕሮፎርማው ከዚያ በኋላ አላነሱብኝም።

ትሪው ውስጥ

ትሪውን ሳወጣው ከብዶኝ ነበር። ከልኩ በላይ ነው የተጠቀጠቀው። አንድ ደስጣ 500 ወረቀት ነው፤ ትሪው የሚችለው 250 ነው። ከሩቅ ሲታይ ይበቃል፤ በመዳፍ ጫን ሲሉት ይገባል፤ ትሪውም ይዘጋል። ጸሐፊዋ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ይገባኛል። ብቻቸውን ናቸው፣ በሩ ተቆልፏል፣ ፈተናው ብዙ ነው። በየደቂቃው ተነስቶ ወረቀት ከመጨመር አንዴ ሞልቶ መገላገል ይሻላል ብለዋል።

ግን ልኩ ተጽፏል። በትሪው ጎን ባለው ማስተካከያ ላይ አንድ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ትንንሽ ቀስቶች ተቀርጸዋል። ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ቀለም ስለሆነ ካልፈለጉት አይታይም። በጥፍሬ እየነካሁ አሳየኋቸው። ወረቀቱ ከዚያ መስመር ማለፍ የለበትም። በተለመደው 80 ግራም ወረቀት (አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሚመዝን ማለት ነው) 250 ማለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፤ ግማሽ ደስጣ። እኔ ራሴ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ማቆምን እመርጣለሁ፤ በክረምት ወረቀቱ ያብጣል።

ከመጠን በላይ ሲሞላ ምን ይሆናል? ትሪው ሥር ወረቀቱን ወደ ላይ የሚያነሳ ሳህን አለ። ከላይ ደግሞ ፒክአፕ ሮለር የሚባል ጎማ ይወርድና አንዱን ወረቀት ይስባል። ከሮለሩ ትይዩ ሁለተኛውን የምታስቀር ትንሽ ፓድ አለች። የሦስቱ ግፊት የተመጠነ ነው። ወረቀቱ ከላይ ከተጠቀጠቀ ሮለሩ ወይ ይንሸራተታል ወይ ብዙውን አንድ ላይ ያፍሳል። ጸሐፊዋ ሁለት ሦስት ይስባል ያሉት ይህንን ነው።

እዚያው ክምር ውስጥ ሌላም ነገር አገኘሁ። ከላይ ያለው ወረቀት ከታች ካለው ይለያል። በጣቴ ሳሸው የላዩ ይሳሳል። ሁለት ዓይነት ወረቀት ተደባልቋል። አንድ የኤ4 ወረቀት የአንድ ካሬ ሜትር አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ ባለ 80 ግራሙ ልክ 5 ግራም ይመዝናል። ደስጣው ከነልኩ 2 ኪሎ ተኩል ነው። ባለ 70 ግራም ከሆነ ወደ 2 ኪሎ ከ190 ግራም ይወርዳል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከትምህርት ቤቱ ካፌ የስኳር ሚዛን አመጣንና ንብረት ክፍል ካለው ላይ ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ ደስጣ መዘንን። ልዩነቱ በግልጽ ታየ። ስስ ወረቀት ብቻውን ቢሆን ማሽኑ ያትመዋል። አንድ ትሪ ውስጥ ከወፍራሙ ጋር ሲደባለቅ ግን ጎማውና ፓዷ ለየትኛው ይመጠኑ? ሁለቱን ለየብቻ መጠቀም ነው። ወረቀት የሚገዛ ሰው ሁሉ ደስጣ ከመረከቡ በፊት ሚዛን ላይ ቢያወጣው ደስ ይለኛል።

ከክምሩ ሥር ደግሞ የአምና ፈተና ጀርባ ነበር። ለረቂቅ ማተሚያ ተብሎ የገባ ነው። ወረቀት መቆጠቡ መልካም ሐሳብ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ፊውዘር ውስጥ ያለፈ ወረቀት ተጠቅልሏል፤ ጥጉ የስቴፕለር ቀዳዳ አለው፤ አንዳንዱ ላይ ሽቦው ራሱ ቀርቷል። ሽቦ ድራም ላይ ወይም ፊውዘር ላይ አንዴ ከጫረ ዕድሜ ልኩን በየገጹ መስመር ያወጣል። ሁለት ደስጣ ለመቆጠብ ተብሎ ፊውዘር ማስለወጥ አያዋጣም። ለረቂቅ የግድ ከሆነ አንድ በአንድ በእጅ ማስገቢያው በኩል ይግባ፤ ትሪው ውስጥ ግን አይቀመጥ።

«ወረቀት የለም» የሚለው ቅሬታ መልሱ በሰከንድ ተገኘ። ትሪው ውስጥ ከኋላ በኩል ወረቀቱን ወደ ፊት የሚደግፍ ማስተካከያ አለ። አንድ ጊዜ ሰርተፊኬት በረጅም ወረቀት ታትሞ ነበር፤ ማስተካከያው እዚያው ላይ ቀርቷል። የኤ4 ርዝመት 297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሊጋል የሚባለው ረጅሙ ወረቀት 356። በመሃል ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለ። ትሪው ገፋ ተደርጎ ሲዘጋ ወረቀቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ሮለሩ ወርዶ አየር ያፍሳል። የጎኑም እንዲሁ ነው። ላላ ብሎ ከቆመ ወረቀቱ ተጣሞ ይገባል። አጥብቀው ከጨመቁት ደግሞ ይቆለመማል። ልኩ ወረቀቱን ሲነካ ማቆም ነው፤ ነክቶ ሳይጨምቅ።

ማራገብ ወይስ አለማራገብ

እዚህ ላይ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ሁሌ የምንከራከርበት ነገር አለ። ብዙዎቻችን የተማርነው ወረቀቱን ከማስገባታችን በፊት በአውራ ጣታችን ጠርዙን እያራገብን ነው። አንዳንድ አምራቾች አሁንም እንዲራገብ ይመክራሉ። ኤችፒ ደግሞ በቅርብ ዓመታት መመሪያዎቹ አታራግቡ ይላል፤ ምክንያቱ ማራገብ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥርና ወረቀቱን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል የሚል ነው።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው። ከደስጣው አሁን የወጣ ደህና ወረቀት መራገብ አያስፈልገውም። በሁለት እጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ጎበጥ ማድረግ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጎ አንኳኩቶ ጠርዙን ማስተካከል ይበቃዋል። ሲቆረጥ ጠርዙ የተጣበቀ ወረቀት ከሆነ ግን፣ ይህ ደግሞ በርካሹ ወረቀት ላይ ይበዛል፣ ጠርዙን አንዴ ማላቀቅ ይሻላል። የራሰን ወረቀት ማራገብ ግን ከንቱ ድካም ነው። ውሃው አይወጣም።

ጸሐፊዋ ትሪው ባዶ ሳይሆን ከላይ የመጨመር ልማድም ነበራቸው። አዲሱና አሮጌው መካከል ሁልጊዜ መስመር ይፈጠራል፤ እዚያ መስመር ላይ ነው ብዙ ጊዜ ሁለት የሚስበው። የቀረውን አውጥቶ፣ ከአዲሱ ጋር አንድ አድርጎ፣ አስተካክሎ መልሶ ማስገባት ነው። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም።

ስለ ሌተር

ትሪውን አስተካክለን ማተም ስንጀምር አንደኛው የሳይንስ ፈተና ላይ ማሽኑ ቆመ። ብርቱካናማው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ጸሐፊዋ ወዲያው ትሪውን ሊስቡ እጃቸውን ሰደዱ።

«ትንሽ ይቆዩኝ እትዬ፣ ፋይሉን እንየው» አልኳቸው።

ፋይሉ የተሠራው በአንድ መምህር ላፕቶፕ ነው። የገጹ መጠን ሌተር ይላል። ሌተር አሜሪካና ካናዳ የሚሠራበት ወረቀት ነው፤ 216 በ279 ሚሊ ሜትር፤ ከኤ4 ይሰፋል፣ ያጥራል። ዊንዶውስ ክልሉ አሜሪካ ተብሎ የተጫነ ኮምፒውተር ላይ ዝም ካሉት የሚመርጠው ሌተርን ነው። እኛ አገር ገበያ ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ ኤ4 ነው። ማሽኑ ሌተር አምጡ ብሎ ይጠብቃል፤ ሰው ግን ወረቀት ያዘ ብሎ ትሪውን ይመዛል፣ ይጠቀጥቃል፣ ያንኳኳል። በዚያች ትሪ ላይ ከደረሰው መጎሳቆል ጥቂት የማይባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

መፍትሔው ሦስት ቦታ ነው። ወርድ ውስጥ የገጹ መጠን፣ ኮምፒውተሩ ላይ የፕሪንተሩ ምርጫ፣ ማሽኑ ራሱ ላይ የትሪው መጠን። ሦስቱም ኤ4 ካሉ ጭቅጭቅ የለም። መምህራኑ ፈተና ከማስረከባቸው በፊት መጠኑን ወደ ኤ4 እንዲቀይሩ ምክትሉ በዚያው ቀን በቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ ጻፉ። ቀድሞ መቀየሩ ሌላም ጥቅም አለው። ማተሚያ ክፍል ገብቶ መጠኑ ሲቀየር የገጹ ቁመትና ስፋት ይለወጣል፤ ጥያቄው ከምርጫዎቹ ተለይቶ ሌላ ገጽ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መምህሩ በሌለበት ይህን ማን ያስተካክለዋል?

ሁለት ገጽ

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ይህ ነው፤ ተማሪው ጋ የሚደርሰው ስህተት ከዚህ ስለሚወጣ።

ማሽኑ ራሱ ስለማያገላብጥ ጸሐፊዋ አንዱን ገጽ ያትሙና ወረቀቱን ገልብጠው መልሰው ያስገባሉ። በየትኛው በኩል እንደሚገለበጥ በመገመት ነበር የሚሠሩት። ማሽን ከማሽን ስለሚለያይ በቃል መያዝ አይቻልም። አንድ ባዶ ወረቀት ላይ፣ ትሪው ውስጥ እንደተኛ፣ ከላይ በሚታየው ፊት ላይ በእርሳስ የኤክስ ምልክት፣ ወደ ማሽኑ በሚገባው ጫፍ ላይ ደግሞ ቀስት አደረግን። አንድ ገጽ አተምን። ጽሑፉ በየትኛው ፊት፣ ራስጌው በየትኛው ጫፍ እንደወጣ አየን። ያንን ወረቀት ትሪው አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጠፍንላቸው። አርማ ያለበት የደብዳቤ ወረቀት ሲያስገቡም የሚሠራው ያው ነው።

ከባዱ አደጋ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛውን ገጽ ሲያትሙ ማሽኑ አንዴ ሁለት ወረቀት ቢስብ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ይዛነፋል። ባለ አራት ገጽ ፈተና ከሆነ የአንዱ ልጅ ሦስተኛ ገጽ ጀርባ ላይ ሁለተኛው ገጽ ይወጣል። ማንም ሳያየው ተሰፍቶ፣ ታሽጎ፣ ፈተና ክፍል ይገባል። ልጁ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ የኔ ጎደለ» ሲል ነው የሚታወቀው። የሚፈራ ልጅ ደግሞ እጁንም አያወጣም፤ ያለውን ሠርቶ ይወጣል። ለዚህ ነው ብዙ አትገልብጡ የምለው። ሃያ ሃያ እያደረጉ መገልበጥ፣ የገባውና የወጣው ቁጥር እኩል መሆኑን ማየት፣ የመጨረሻውን ወረቀት ፊትና ጀርባ አይቶ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። መጀመሪያ የታተመውም ወዲያው መመለስ የለበትም። ትኩስ ወረቀት ጠምዛዛ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይቀዝቅዝ።

የተደረገው

በዚያው ዕለት የሮለሩን ጎማ ውሃ በነካ፣ ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጠረግኩት። የክላስ ቾክ አቧራ ለብሶ ነበር። ፓዷ ግን አልቃለች፤ መሃሏ ተጎድጉዷል። ከፈተናው በኋላ ተለወጠች። ከአዲስ ፕሪንተር ዋጋ ጋር ጨርሶ የሚነጻጸር ወጪ አይደለም።

ንብረት ክፍሉ ወረቀቱን ከመሬት አንስቶ፣ ከግድግዳው አርቆ፣ የእንጨት መደርደሪያ ላይ አወጣው። የሚፈታው ደስጣ አንድ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ግማሹ ትሪ ውስጥ፣ ግማሹ መጠቅለያው ውስጥ ታጥፎ። የራሰውን ወረቀት አልጣልነውም፤ ለተማሪዎች ሂሳብ መሥሪያ ባዶ ወረቀት ሆነ።

በሪፖርቱ ላይ ማሽኑ አገልግሎት ላይ እንደሚውል ጻፍኩ። ብልሽት ሆኖ የተገኘው የተሸጎጠው ቁራጭና ያለቀችው ፓድ ናቸው፤ ሌላው የወረቀት አያያዝና አገባብ ነው ብዬ ፈረምኩ። ፈተናው በዚያው ማሽን ታትሞ አለቀ። አልፎ አልፎ መያዙ አልቀረም፤ እንደ በፊቱ ግን ሥራ አላስቆመም።

ያልተፈታው የመብራቱ ጉዳይ ነው። ምክትሉ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ፣ እንግዛ ብለው ነበር። አልመከርኩም። ፊውዘሩ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብዙ ስለሆነ ለኮምፒውተር የሚሆነው ትንሹ ዩፒኤስ አይችለውም፤ ሌዘር ፕሪንተር እንዳይሰካበት የሚያስጠነቅቁትም አምራቾቹ ናቸው። ስለዚህ ለጸሐፊዋ የተውኩላቸው የአሠራር ቅደም ተከተል ነው። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት፣ በራሱ ሲመጣ ድንገት እንዳይነሳ። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ የኋላውን በር ከፍቶ ወረቀቱን በሚሄድበት አቅጣጫ ማውጣት፣ አራት ማዕዘኑን መቁጠር። በመጨረሻ ሙሉ ሆኖ የወጣው ስንተኛው ቅጂ እንደሆነ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ መብራቱ ሲመለስ ከዚያ ቀጥሎ ካለው ለመጀመር።